ሺአ በተር ክዳን ነው፤ ስንቀባው የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ኅዳር አንዲት ልጅ ሱቄ ድረስ መጣች። ከእኔ የገዛችውን የሺአ በተር፣ ማለትም ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ የቆዳ ቅባት፣ ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ግማሹን ተጠቅማበታለች። «እህቴ፣ ይሄ ነገር ለእኔ አልሆነም» አለችኝ። ሱሪዋን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን አሳየችኝ። ከላይ ያብረቀርቃል። ከሥር ግን አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ነጭ መስመር ወጣ።

«መቼ ነው የምትቀቢው?» አልኳት።

«ጠዋት፣ ከቤት ልወጣ ስል።»

«ገላሽን የምትታጠቢውስ?»

«ማታ።»

ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ስለዚህ ዛሬ በደንብ ልጻፈው።

ደረቅ ቆዳ ላይ መቀባት

ሺአ በተር ውስጥ ውሃ የለም። ንጹሕ ስብ ነው። ለቆዳችን ውሃ አይሰጥም፤ ያለው ውሃ እንዳይተን ግን ይከላከላል። ማለትም ክዳን ነው። ድስት ላይ ክዳን ስትገጥሙ እንፋሎቱ ውስጥ ይቀራል። ባዶ ድስት ከከደናችሁ ግን የሚቀር እንፋሎት የለም። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ሲደርቅ ባደረ እግር ላይ ነበር ጠዋት ጠዋት የምትከድነው።

ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳት። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አምጥቼ አንድ እግሯን ብቻ ለአምስት ደቂቃ ያህል ነከርነው። ከዚያ በፎጣ ጠብ ጠብ አደረግኩት። ፈትጌ አላደረቅኩትም፤ ቆዳው ላይ ትንሽ እርጥበት እንዲቀር ፈልጌ ነው። የሽምብራ ፍሬ የምታክል ሺአ ወስጄ በመዳፎቼ መካከል ዘይት እስኪሆን አሸሁት። ከዚያ እርጥቡ እግር ላይ ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ጉልበቷ ቀባሁት። ሌላውን እግር አልነካነውም። ቡና አፍልተን ሁለተኛውን ስንጠጣ ሁለቱን እግሮች አጠገብ ለአጠገብ አደረገቻቸው። አንደኛው ወዝ አለው፣ ለስልሷል። ሌላው እንደመጣ ነው። ዝም ብላ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ «ሁለት ወር ሙሉ በከንቱ!» አለች።

እባካችሁ፣ ገላችሁን ታጥባችሁ በወጣችሁ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተቀቡ። መታጠቢያ ቤት ሳላችሁ ብትቀቡት ደግሞ የተሻለ ነው። ጠዋት መታጠብ ካልቻላችሁ እጅና እግራችሁን ውሃ አስነክታችሁ ቀቡ። ግሊሰሪን የምትወዱ በውሃ አቅጥናችሁ መጀመሪያ እሱን፣ ከላይ ሺአውን። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ ከላዩ ንፋስ አለ። በዚህ ወቅት ደረቅ ቆዳ ላይ ሺአ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። ገንዘቡ ቀርቶ፣ ሰው «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ጥሩ ነገር ሲተው በጣም ያሳዝነኛል።

በእፍኝ መቀባት

ልብስ ላይ ከታተመ፣ ስልክ ካሙለጨለጨ በዝቷል። ለፊት የምስር ፍሬ የምታክል፣ ለአንድ እግር የሽምብራ ፍሬ የምታክል ይበቃል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ ብቻ ነው እጃችሁን መፍታት ያለባችሁ። ማታ እግራችሁን ነክራችሁ፣ ደህና አድርጋችሁ ቀብታችሁ ካልሲ አጥልቃችሁ እደሩ።

እንደ ቅቤ ማንጠር

ይህን ያጠፋሁት እኔ ራሴ ነኝ። የመጀመሪያውን አንድ ኪሎ ሺአ ስገዛ እጄ የሚያውቀው ቅቤ ማንጠር ነበር። ድስት ከሰል ላይ ጣድኩ፣ ሺአውን ጨመርኩ፣ እስኪንተከተክ ጠበቅኩ። ጭስ ጭስ እያለ ሽታው ቤቱን ሞላው። አውርጄ በየብልቃጡ ቀዳሁና ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ስከፍተው እንደ ገብስ ቅንጬ ቋጥሯል። ተበላሽቷል ብዬ አለቀስኩ።

ቅቤ የሚነጠረው ውስጡ ያለው ውሃና አሬራ እንዲወጣ ነው። ሺአ ውስጥ የሚወጣ ነገር የለም። የመዳፍ ሙቀት ለሚያቀልጠው ነገር ከሰል አያስፈልገውም። ማቅለጥ ከፈለጋችሁ ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣችሁ በእንፋሎቱ አቅልጡት። ልክ እንደቀለጠ አውርዱ። መቋጠሩ ደግሞ ከብልሽት አይደለም። ስቡ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ጠንካራው ክፍል ቀድሞ ይረጋና ለብቻው ቅንጣት ይሠራል። እንደገና አቅልጣችሁ ቶሎ ፍሪጅ አስገቡት። በየመሃሉ ብታማስሉት ይለሰልሳል። የእኔም አንድ ኪሎ እንዲሁ ነው የተረፈው። ሽታው ግን ጠፍቶ ቀረ።

በቀለሙ መፍረድ

«ነጭ ነው፣ ፎርጅድ ነው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ነጭና ሽታ የሌለው ሺአ የተጣራ ነው። ጥሬው ወደ ክሬም ወይም ቀላ ወዳለ ቢጫ ይሄዳል፤ ሽታውም የተቆላ ለውዝና ጭስ ይመስላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጋና፣ በቡርኪና ፋሶና በማሊ የገጠር ሴቶች ፍሬውን ለቅመው፣ ቀቅለው፣ አድርቀው፣ ቆልተው፣ ፈጭተው ነው የሚሠሩት። ከዚያ ሊጡን በውሃ እየመቱ ስቡ እስኪንሳፈፍ ያሹታል። የሚናጥ ወተት ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ደማቅ ቢጫ ሁሉ ደግሞ ጥሬ ነው ማለት አይደለም፤ በሥር የሚቀለም አለ።

የእኛም አገር የሺአ ዛፍ አለው፣ ጋምቤላ ውስጥ። ይኸኛው ከኡጋንዳና ከደቡብ ሱዳኑ ጋር አንድ ዘር ነው። ከምዕራብ አፍሪካው ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይቀልጣል። ስለዚህ ለስላሳ ሺአ ያጋጠማችሁ «ዘይት ቀላቅለውበታል» ብላችሁ ከመጣላት በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ፀሐይ ይከላከላል ብሎ ማመን

አይከላከልም። ወሬው መነሻ አለው፤ ሺአ ውስጥ ጥቂት የፀሐይ ጨረር የሚይዙ ውህዶች አሉ። ጥበቃቸው ግን ማድያት ላለበት ሰው ኢምንት ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል። ሺአውን ለፊታችሁ ማታ ተጠቀሙ። ቀን ኤስፒኤፍ (የፀሐይ ጥበቃ መለኪያው) 30 እና ከዚያ በላይ ያለው ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ይሁን።

ትኩስ ቃጠሎ ላይ መቀባት

በፍጹም። ክዳን ነው ብያችኋለሁ፤ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀረዋል። ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም እንደዚያው። ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አቆዩት። ሰፊ ከሆነ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ፎረፎር ያለበት ራስ ላይ

የራስ ቆዳው የደረቀ እየመሰላቸው ሺአ የሚለቀልቁ አሉ። ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ የሚመገበው ስብ ነው። እናንተ ምግቡን እያቀረባችሁለት ነው። ጸጉሩን ጫፍ ጫፉን ቀቡ፣ ሥሩን ተዉት። ግንባራችሁ ዳር፣ ጸጉር የሚጀምርበት ቦታ ላይ ብጉር ካወጣችሁም መጀመሪያ የጸጉር ቅባታችሁን ጠርጥሩ።

ከሚያቀላ ክሬም ጋር መደባለቅ

ስለዚህ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። አንዲት ደንበኛዬ ግማሽ ኪሎ ወሰደች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ከሦስት ወር በኋላ ስትመጣ ጉንጯ ቀልቷል፣ ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሳ ቀጫጭን የደም ሥሮቿ ይታያሉ። ፀሐይ ሲነካት ያቃጥላታል። ሰው መክሯት ክሎቤታሶል ያለበትን ቱቦ ከሺአው ጋር ደባልቃ ማታ ማታ ፊቷን ሙሉ ትቀባው ነበር። «ሺአው ያለሰልሰዋል ብለውኝ ነው» አለችኝ።

አያለሰልሰውም። ክሎቤታሶል እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት የስቴሮይድ ቅባቶች አንዱ ነው፤ ሐኪም ለተወሰነ ቦታ፣ ለአጭር ጊዜ የሚያዘው መድኃኒት ነው። ከላዩ ስብ ሲከደንበት ወደ ቆዳ የሚገባው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይህን እየተጠቀማችሁ ከሆነ ደግሞ ደንግጣችሁ በአንድ ጊዜ አትጣሉት። ለረጅም ጊዜ የቆየ ከሆነ ሲቆም ፊት ይቆጣል። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱና እንዴት እንደምታቆሙ ይንገሯችሁ። አታፍሩ፣ ብዙ አይተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግማሽ ኪሎ የሚገዛኝን ሰው ሁሉ «ለምንድን ነው?» እላለሁ። የሚቆጡኝ አሉ። ቢሆንም እጠይቃለሁ።

እርጥብ ጣት ብልቃጥ ውስጥ መክተት

ሺአ ለብቻው ቶሎ አይሻግትም፤ ሻጋታ ውሃ ይፈልጋል። ውሃውን የምናስገባው እኛ ነን፣ ከመታጠቢያ በወጣ ጣት። «እርጥብ ገላ ላይ ቀቡ» ስላልኳችሁ ይህን አብሬ መናገር አለብኝ። ገላችሁ ይርጠብ፣ ብልቃጡ አይርጠብ። ትንሽ ደረቅ ማንኪያ አጠገቡ አስቀምጡ። ከመስኮት ፀሐይና ከምድጃ አርቁት፤ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል። ለሳምንት የሚበቃችሁን ወደ ትንሽ ዕቃ ገልብጡ፣ ዋናው ተከድኖ ይቆይ።

የከረፋውን በአፍንጫችሁ ታውቁታላችሁ፤ የቆየ ዘይት ይሸታል። ፊታችሁን አትቀቡት። እኔ እንዲህ ያለውን ለቆዳ ጫማ አስቀምጣለሁ። ጫማውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ በጨርቅ ቀብቼ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ስወለውለው የተሰነጣጠቀው ሁሉ ይለሰልሳል።