የአሮጌ መኪና ኤሌክትሪክ ፋን፦ ይዞራል ግን አቅም የለውም፣ አይነሳም፣ ፊውዝ ይበላል

የፊያት 124 እና የላዳ ፋን የውሃ ፓምፑ ላይ ታስሮ በቺንጊያ ነው የሚዞረው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ላዳ 2101 እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሊያቲ ውስጥ መመረት ሲጀምር መነሻው ፊያት 124 ነበር። ሞተሩ ሲፈጥን ፋኑ ይፈጥናል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሰራ ፋኑም ያንቀላፋል። መገናኛ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል፤ ውሃው ይፈላል። ስለዚህ ሰዉ ያንን ፋን አውልቆ ከአዲስ መኪና የወጣ ኤሌክትሪክ ፋን ያስገጥማል። ሀሳቡ ጥሩ ነው። እኔም ብዙ ገጥሜያለሁ። ከዚያ የሚበልጠው ግን ሌላ ሰው ገጥሞት እኔ የፈታሁት ነው።

ውሃውን፣ ባትሪውንና ፊውዙን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ፋኑ ይዞራል፣ ግን አቅም የለውም

እኔ ጋ የሚመጣው በአብዛኛው ይሄ ነው። ሰዉ ሁሉ ፋኑን ይወቅሳል። ፋኑ ምንም አላደረገም፤ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

አንድ የላዳ ታክሲ ነጂ አዲስ ፋን በፌስታል ይዘው መጡ። ሦስተኛቸው ነው። «የኔ ልጅ፣ ሁለቱ ሞቱብኝ። ይሄን ግጠምልኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ልየው» ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከፊውዝ ሳጥኑ አንድ ቀጭን ሽቦ ይነሳል። ዳሽቦርድ ስር የተሰካ ማብሪያ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ፋኑ ጋ ይሄዳል። ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) የሚባል ነገር የለም። ሞተሩን አስነስቼ ፋኑን አብርቼ ለካሁ። ባትሪው ላይ 13.6 ቮልት፣ ፋኑ ሶኬት ላይ 9.8። አራት ቮልት ሊሞላ ምንም ያልቀረው መንገድ ላይ ቀልጧል። ቀልጧል ስል ለአነጋገር አይደለም፤ የማብሪያው ፕላስቲክ ጎብጦ ነበር። «የሞቱትን» ሁለት ፋኖች አስመጥቼ ቀጥታ ባትሪ ላይ ሳገናኛቸው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ በተኑት። ጋሼ ፋኖቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ስለ ገጠመላቸው ሰው እዚህ የማልጽፈውን ተናገሩ።

እንዲህ ያለ ፋን ሲዞር 10 አምፒር አካባቢ፣ ትልቁ ደግሞ 15ና ከዚያም በላይ ይስባል። ሲነሳ ለአፍታ የዚያን እጥፍ አልፎ ይሄዳል። የዳሽቦርድ ማብሪያ ይህን አይችልም። የላዳ ፊውዝ ሳጥን ውስጥ ያሉት የጥይት ቅርጽ ፊውዞችም 8ና 16 አምፒር ናቸው፤ ከሌላ ዕቃ ጋር ሊጋሩት አይሆንም።

ፍተሻው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ፋኑ እየዞረ መሆን አለበት። ፋኑ ቆሞ የሚለካ ቴስተር ይዋሻል። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የፋኑ ፖዘቲቭ ሽቦ ላይ ያዙ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ በዚያ በኩል ነው። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭና የፋኑን ኔጌቲቭ እንዲሁ ለኩ።

በኔጌቲቭ በኩል፣ ማለትም ማሳው ላይ፣ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ማሳውን ራዲያተሩ ላይ ማሰር! ራዲያተሩ እኮ የተቀመጠው ጎማ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ መውጫ ሲያጣ በውሃው በኩል መንገድ ይፈልጋል፣ ራዲያተሩንም ቀስ እያለ ይበላዋል። ማሳውን ቀለሙ ተፍቆ ያበራ ላሜራ ላይ እሰሩ፣ ወይም ቀጥታ ወደ ባትሪው ውሰዱት። ቀለም ላይ የታሰረ ብሎን ጌጥ ነው።

መፍትሄው ሪሌ ነው። ባለ 30 ወይም 40 አምፒር፣ እግሮቹ ላይ ቁጥር የተጻፈበት፦

30 — ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ በ25 አምፒር ፊውዝ በኩል
87 — ወደ ፋኑ ፖዘቲቭ
86 — ከቁልፉ፣ መኪናው ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ
85 — ወደ ቴርሞ ስዊቹ (ውሃው ሲግል ራሱ የሚያገናኝ ማብሪያ)፣ ከዚያ ማሳ

ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ፋኑ አጠገብ ያለ ፊውዝ ከባትሪው እስከዚያ ያለውን ሽቦ አያድንም፤ ያ ሽቦ ቦዲ ከነካ የሚነደው መኪናው ነው። ለ30፣ ለ87ና ለማሳው ቢያንስ 2.5፣ ቢቻል 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተጠቀሙ። ብዙ ቀጭን ክር ያለው የመኪና ሽቦ ይሁን እንጂ የቤት ሽቦ አይሁን። አንድ ወጥ መዳብ ንዝረት አይወድም፤ ፕላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ይቆረጣል። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለልም ይብቃን። ናስትሮ ሞተር ክፍል ውስጥ ሲግል ሙጫው ይለቃል። ተርሚናል በፒንሳ ጨብጡ፣ ወይም በስታኞ በይዱ።

ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ውስጥ፣ ሪሌ ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት። አንዳንዱ «40» ተጽፎበት እንደ ክብሪት ቀፎ ይቀላል። ከተጠራጠራችሁ ተውት፤ ከአሮጌ ጃፓን መኪና የወጣ ያገለገለ ሪሌ ይሻላል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ።

ውሃው ፈላ፣ ፋኑ ግን ንቅንቅ አላለም

መጀመሪያ ቁልፉን ከፍታችሁ የቴርሞ ስዊቹን ሽቦ ንቀሉና ቦዲ ላይ ንኩት። ፋኑ ካልተነሳ ወደ ሪሌው ተመለሱ። ከተነሳ ግን ችግሩ ስዊቹ ጋ ነው። ባለ አንድ ሽቦ ስዊች ማሳ የሚያገኘው በራሱ ጥርስ በኩል ነው። ውሃ እንዳያንጠባጥብ ብሎ ቴፍሎን የጠቀለለበት ጠንቃቃ ሰው ማሳውን ቆርጦታል። የተቀመጠበት ራዲያተር ማሳ ከሌለውም ያው ነው፤ ራሱን የቻለ የማሳ ሽቦ ይፈልጋል።

ስዊቹ ደህና ሆኖም አለመነሳት አለ። ይህን ለማግኘት እኔን ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መኪናውን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ መፍያውን ከ100 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ግፊት የለም። የላዳ ስዊች ደግሞ 92 ላይ የሚነሳ አለ፣ 99 ላይ የሚነሳ አለ። ባለ 99ኙ ገብቶ ክዳኑ ከሞተ፣ ውሃው ፈልቶ ይወጣል፣ ስዊቹ ደግሞ የማይመጣ ሙቀት ይጠብቃል። ሽቦው ልክ፣ ፋኑ ልክ፣ ስዊቹ ልክ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ግን በሙቀት ተጣሟል። ክዳኑን ቀይሩ፣ ባለ 92ቱን ስዊች አስገቡ። «ጠንካራ ይሻላል» ብላችሁ ፋብሪካው ከሰጠው ግፊት በላይ የሆነ ክዳን አትግጠሙ፤ አሮጌ ራዲያተር ብየዳው ይፈታል። ሲግል ደግሞ ክዳኑን አትንኩ። እያወቀ የሚነካ ሰው አይጠፋም።

ፊውዝ ይበላል

ክንፉን በእጅ አዙሩት። ከከበደ የፋኑ ኩሽኔታ አልቋል። ከቀለለ ላሜራ ላይ የተፋቀ ሽቦ ፈልጉ። የሲጋራ ወርቅ ወረቀት ጠቅልሎ ፊውዝ ቦታ የሚሰካ ሰው እኔ ጋ አይምጣ።

ሌሎቹ

ማታ ትራፊክ ውስጥ መብራቱ ከደበዘዘ፦ የላዳ 2101 ዲናሞ ጤነኛ ሆኖ 42 አምፒር ነው፣ በሚኒሞ ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። ፋንና መብራት ላይ ቴፕ አትጨምሩበት።

ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ ለአፍታ መስራቱን ከቀጠለ፦ ፋኑ የተገናኘው ቀጥታ ከቁልፉ መስመር ጋር ነው። እየዞረ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን ኮይል ይመግባል። ሪሌ አስገቡ።

መኪናው ቆሞ ባትሪ ከጨረሰ፦ 86 ቀጥታ ከባትሪው ተነስቷል። እንዲህ ያለ መኪና ፋኑ ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል፤ ጣታችሁን ጠብቁ።

በመንገድ ስትሄዱ የሚግል፣ ስትቆሙ የሚሻለው ከሆነ፦ ፋኑ በተቃራኒ እየነፈሰ ነው። ፋኑ እየዞረ ወረቀት ራዲያተሩ ፊት አስጠጉ። ከተጣበቀ ልክ ነው። ከተገፋ የፋኑን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ።