የድረ ገጽ ፋይሎችን በአንድ ትዕዛዝ መጫን፦ ጎንደር ላይ እኔ እንደምሠራው

ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ ሲነጋ፣ ፒያሳ አካባቢ ድረ ገጻቸውን የምይዝላቸው ፔንሲዮኖችና አስጎብኚዎች የጥምቀተ ባሕሩ ፎቶ ዛሬውኑ እንዲወጣላቸው ይደውላሉ። ያንን ሁሉ ፎቶ በማውስ እየጎተቱ መላክ፣ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር የትኛው እንደቀረ ሲፈልጉ መዋል ነው። እኔ ሥራውን ፋይል ለሚያመሳስለው ለአርሲንክ (rsync) ሰጥቼዋለሁ። ከ1996 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ላይ ያለውን ከኮምፒውተራችሁ ጋር አስተያይቶ የተለወጠውን ብቻ ይልካል። ዳታ እየገዛ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቁልፍ በሚያወጣው ትዕዛዝ፣ በኤስኤስኤች ኪጀን (ssh-keygen)፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን የሰርቨር መግቢያ ቁልፍ አውጡ፤ የሕዝብና የግል የሚባሉ ሁለት ፋይሎች ይሰጣችኋል። ሌሊት ብቻውን እንዲሠራ ፓስወርድ አታድርጉበት። የሕዝቡን ቁልፍ በኤስኤስኤች ኮፒ አይዲ (ssh-copy-id) ሰርቨሩ ላይ አስቀምጡ፤ የግሉን ግን ለማንም፣ ለድረ ገጹ ባለቤትም ቢሆን፣ በቴሌግራም እንዳትልኩ። የቆየው የፋይል መላኪያ መንገድ፣ ተራው ኤፍቲፒ፣ ፓስወርዱን ሳይመሰጥር ስለሚያሳልፍ አልመክረውም።

ትዕዛዙ አጭር ነው፦ አርሲንክ፣ ሰረዝ ኤ፣ ሁለት ሰረዝ ፓርሻል፣ ሁለት ሰረዝ ታይምአውት እኩል ይሆናል 60፣ የፎልደሩ ስም፣ በመጨረሻ የሰርቨሩ አድራሻ። ፓርሻል በግማሽ የቀረውን ፋይል ስለሚያስቀምጥ በሚቀጥለው ሙከራ ያ ክፍል እንደገና አይላክም። ታይምአውት ደግሞ ኔትወርኩ ድምፁን አጥፍቶ ሲሞት ትዕዛዙ ተገትሮ እንዳይቀር ያደርጋል። ፋይሉ ታምቆ እንዲላክ ሰረዝ ዜድን ብዙዎች ይጨምራሉ፤ ፎቶ አስቀድሞ የታመቀ ስለሆነ ለፎቶ አይጠቅምም።

ስላሿን አደራ! ከፎልደሩ ስም መጨረሻ ላይ ስላሽ ካለ ውስጡ ያለው ይላካል፤ ከሌለ ፎልደሩ ራሱ እዚያ ይፈጠራል። ትዕዛዙ ላይ ሁለት ሰረዝ ዲሊት ከጨመራችሁ፣ እናንተ ጋ የሌለውን ሁሉ ከሰርቨሩ ያጠፋል፤ አድራሻው ከተሳሳተ የሌላ ደንበኛ ገጽ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ አስቀድማችሁ በሰረዝ ኤን እና በሰረዝ ቪ ሞክሩት፦ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ይዘረዝርላችኋል።

ትዕዛዙን ስክሪፕት (የትዕዛዞች ፋይል) ውስጥ ከአንቲል (until) ጋር አስገቡት፤ እስኪሳካ እየደጋገመ ይሞክራል። በሙከራዎቹ መካከል በስሊፕ (sleep) አንድ ደቂቃ አሳርፉት።

ከዚያ ስክሪፕቱን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሳው ክሮን (cron)። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። ክሮን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ ኔትወርክ የሚፈጥንበትን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከፈለጋችሁ በደቂቃው ቦታ 0፣ በሰዓቱ ቦታ 2፣ በቀሪዎቹ ሦስት ቦታዎች ኮከብ ጻፉ። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ካልበራ ግን ክሮን ያመለጠውን አያካክስም። ለዚያ አናክሮንን (anacron) ጫኑና ስክሪፕቱን በክሮን ፋንታ በራሱ በአናክሮን ዝርዝር ውስጥ አስገቡት፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የቀረውን ሥራ ያስጀምረዋል።