«ሞተሩ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት፦ ፍሪጅን በቤት መፈተሽና መለዋወጫ መቀየር

ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን፣ ማለትም ኮምፕረሰሩን ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸችው ከጎኑ የተሰካችው ትንሿ ማስነሻ ሪሌ ናት። ዋጋዋ ከኮምፕረሰር ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ስለዚህ እሷን ሳይፈትሹ ሞተር አይግዙ።

የምትበላሸውም በመብራት መቆራረጥ ነው። ሞተሩ ሲቆም በቱቦው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪመጣጠን፣ ሪሌዋ ውስጥ ያለችው ክብ ሴራሚክም እስክትበርድ ጥቂት ደቂቃ ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ሞተሩ መነሣት ያቅተውና ያጉረመርማል፤ ሞተሩን ከመጋል የሚጠብቀው መከላከያ፣ ኦቨርሎዱ፣ «ቀጭ» ብሎ ያቋርጠዋል። ይህ ሲደጋገም ሴራሚኳ ትሰነጠቃለች።

ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ኦም የሚለካ ቴስተር (መልቲሜትር) ይበቃል። መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ቴርሞስታቱን ዜሮ ላይ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ከፍሪጁ ጀርባ ታች፣ ከኮምፕረሰሩ ጎን ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ያንሡ። ሽቦዎቹን ከመንካትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሡ። ካፓሲተር (ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ የሚቆይ ዕቃ) ካለው፣ ሁለቱን ጫፎቹን በባዶ ሽቦ ሳይሆን በአምፖል በኩል አገናኝተው ቻርጁን ያውጡ።

ሪሌዋን ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ይሳቡና ጆሮዎ አጠገብ ያንቀጥቅጡ። እንደ ጠጠር ከተንኳኳች ወይም ከጠቆረች አልቆላታል። ዝም ካለች በቴስተር ይለኩ፤ ከቀዘቀዘች በኋላ ደህናዋ ከጥቂት እስከ ጥቂት አሥር ኦም ታሳያለች። ኦቨርሎዱ ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ ማሳየት አለበት።

ቀጥሎ ሪሌዋና ኦቨርሎዱ ሲነሡ የሚታዩትን የኮምፕረሰሩን ሦስት የኤሌክትሪክ እግሮች ሁለት ሁለቱን ይለኩ። ከሚወጡት ሦስት ቁጥሮች ትልቁ የሁለቱ ትንንሾች ድምር መሆን አለበት፤ ለምሳሌ 12፣ 18 እና 30 ኦም። ከዚያ ከመዳብ ቱቦው ላይ ቀለሙን ትንሽ ፍቀው፣ እያንዳንዱን እግር ከቱቦው ጋር ይለኩ። በትልቁ ስኬል ምንም ማንበብ የለበትም፤ ካነበበ ሞተሩ በእርግጥ ተበላሽቷል፣ ሶኬቱንም መልሰው አይሰኩ። ሦስቱም ቁጥሮች እኩል ከሆኑና ሪሌ ከሌለው ኢንቨርተር ነው፤ እሱ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሚታዘዝ ሞተር ስለሆነ ለባለሙያ ይተውት።

መለዋወጫ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ኮምፕረሰሩ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥርና የፈረስ ጉልበትም ይጻፉ። ሻጩ «ይሄም ይሠራል» ብሎ ከፍ ያለ ኦቨርሎድ ከሰጠዎት አይውሰዱ። ያለ ልኩ የገባ ኦቨርሎድ በጊዜ አያቋርጥም፤ ያን ጊዜ ነው ሞተሩ የምር የሚቃጠለው። አዲሱን ከገጠሙ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ የቮልቴጅ መከላከያ ሶኬቱ ላይ ያድርጉ።

ሞተሩ ሳያቋርጥ እየሠራ ቅዝቃዜው ከደከመ የበሩን ጎማ ይመልከቱ። ወረቀት አስገብተው በሩን ይዝጉና ይሳቡት፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ አንዳንዴ ይበቃዋል። ካልሆነ በሩ ላይ ጎማው የሚገባበትን ቦይ ከአንዱ ጎን መሐል እስከ ሌላኛው ጎን መሐል በቁመትና በወርድ ለክተው አዲስ ይግዙ። ታጥፎ የመጣውን ጎማ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ካለሰለሱ በኋላ ከአራቱ ማዕዘኖች ጀምረው ወደ መሐል ይጫኑት። ከጀርባ ያለውን ጥቁር መረብም ከአቧራ ይጥረጉ። አትክልት መያዣው ሥር ውሃ ካቆረ የማፍሰሻው ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ሙቅ ውሃ ይልቀቁበት።

ጋዝ ግን በቤት አይነካም። ሞተሩ እየሠራ የፍሪዘሩ አንድ ጥግ ብቻ በረዶ ከያዘ ጋዝ ሳይፈስ አይቀርም። አር 600ኤ የሚል ጽሑፍ ያለው ፍሪጅ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። በረዶውንም በቢላ አይፈልፍሉ፤ ቱቦው የሚበሳው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

እንደ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ባለ ደጋ ደግሞ ምንም ያልተበላሸ ፍሪጅ በክረምት ፍሪዘሩ ሊቀልጥ ይችላል። ባለ አንድ ቴርሞስታት ፍሪጅ የሚለካው የታችኛውን ክፍል ስለሆነ፣ ቤቱ ሲበርድ ሞተሩን የሚያስነሣ ሙቀት ያጣል። ውስጥ የተለጠፈው ምልክት «ኤን» ወይም «ቲ» ከሆነ ከ16 ዲግሪ በላይ ለሆነ ክፍል የተሠራ ነው፤ «ኤስ ኤን» ከሆነ እስከ 10 ዲግሪ ይችላል። መለዋወጫ ከመግዛትዎ በፊት ፍሪጁን ሞቅ ወዳለ ክፍል ያዛውሩትና አንድ ቀን ይዩት።