ባክቴሪያ ውስጥ ዲኤንኤ ሲከርና ሲላላ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው ነገሩን ግማሹን ያውቀዋል። ክር ሲከር በራሱ ላይ ይጠቀለላል። የባክቴሪያ ዲኤንኤም እንደዚያው ነው፤ ሱፐርኮይሊንግ ይሉታል።

የመጀመሪያው ስህተት "ቦታ ለመቆጠብ ነው" ብሎ ማለፍ ነው። እርግጥ የኢ ኮላይ (አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ) ዲኤንኤ 4.6 ሚሊዮን ጥንድ ፊደል አለው፤ መጠቅለል ግድ ነው። ግን ጥቅልሉ የትኛው ጂን መቼ እንደሚገለበጥም (ወደ አርኤንኤ እንደሚቀዳም) ይወስናል።

የባክቴሪያ ጥቅልል አብዛኛውን ጊዜ "ኔጋቲቭ" ይባላል፤ ይህን ቃል እንደ ጉድለት ማየትም ያሳስታል። ቃሉ የሚናገረው አቅጣጫን ነው፤ ሁለቱ ክሮች ከወትሮው ላልተዋል ማለት ነው። ጂን የሚገለብጠው ኢንዛይም፣ አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ፣ ሥራ ሲጀምር ክሮቹን መለየት አለበት፤ የላላውን መክፈት ደግሞ ይቀለዋል። ዲኤንኤውን የሚያላላው ጃይሬዝ ነው። ይህን ኢንዛይም ማርቲን ጌለርትና ባልደረቦቹ በ1976 እ.ኤ.አ. አገኙት።

"እንግዲያው በላላ ቁጥር ሁሉም ጂን ይበረታል፣ ማለትም ይበልጥ ይገለበጣል" እንዳይሉ። የጃይሬዝ ጂኖች ራሳቸው የሚበረቱት ያ ኔጋቲቭ ጥቅልል ሲቀንስ ነው። ሴሏ ሚዛኗን የምትጠብቀው በዚህ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ብዙዎች ጥቅልሉን ምክንያት፣ ግልበጣውን ውጤት ብቻ ያደርጉታል። የተጎነጎነ ገመድ ወስደው በሁለቱ ክሮች መሃል ጣትዎን አስገብተው ወደፊት ይግፉ። ከፊት ይከራል አይደል? ፖሊሜሬዝም ልክ እንደዚያ ያደርጋል። ከሚሠራው አርኤንኤ ሸክም ጋር በዲኤንኤው ዙሪያ መሽከርከር ይከብደዋል፤ ስለዚህ ዲኤንኤው ከፊቱ ይከራል፣ ከኋላው ይላላል። ሊሮይ ሊዩና ጄምስ ዋንግ ይህን ሐሳብ በ1987 እ.ኤ.አ. አቀረቡ። ሒሳቡን እንይ፤ በሰከንድ 50 ፊደል ቢገለበጥ፣ አንዱ ዙር 10.5 ጥንድ ስለሆነ፣ በየሰከንዱ 5 ዙር ያህል ይገፋል! ይህ መክረርና መላላት ጎረቤት ጂን ጋ ይደርሳል። ጀርባ ለጀርባ በቆሙ ሁለት ጂኖች መካከል ያለው ዲኤንኤ ከሁለቱም በኩል ይላላል። ስለዚህ አንድ ጂን ለምን በረታ ብለው ሲጠይቁ ፕሮሞተሩን (ግልበጣው የሚጀመርበትን ቦታ) ብቻ አይዩ፤ ጎረቤቱ ወዴት አቅጣጫ እንደሚገለበጥም ይመልከቱ።

የመጨረሻው የላብራቶሪ ስህተት ነው። ጃይሬዝን ለማስቆም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ጨምሮ የተለወጠውን ጂን ሁሉ ከጥቅልሉ ጋር ማያያዝ አይሆንም። መድኃኒቱ ጃይሬዝን ዲኤንኤውን በቆረጠበት ቅጽበት ይዞ ያስቀረዋል። ሴሏም ለቁስሉ የጥገና ጂኖቿን ትቀሰቅሳለች። ኖቮባዮሲን የተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ግን ጃይሬዝ ኤቲፒን (የሴል ነዳጅን) የሚቀበልበትን ቦታ ስለሚዘጋ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማነጻጸር የቁስሉን ምላሽ ከጥቅልሉ ምላሽ ለመለየት ይረዳል።