የመኸር ገንዘብ እስከ መስከረም እንዲዘልቅ
በወሎ ገጠርም ሆነ ከገበሬ ጋር በሚነግዱት ከተሞች ገንዘብ በየወሩ እኩል አይገባም። መኸሩ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሰበሰባል፤ በልግ አብቃይ ደጋዎች ሰኔና ሐምሌ ላይ ትንሽ ያገኛሉ። ማዳበሪያው፣ የክረምቱ ቀለብና የመስከረም ደብተር ግን ጎተራው ሲጎድል ነው የሚመጡት።

ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ 13ቱን ወራት ያስምሩ፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ጎን ለጎን ይጻፉ። እድር፣ ዝክር፣ መውሊድ፣ የዘመድ ሰርግ አይቅር፤ ዕቅድ የሚያፈርሱት እነሱ ናቸው። ወጪ ከገቢ በሚበልጥባቸው ወራት የሚጎድለውን ይደምሩ። ያ ድምር መጠባበቂያ ነው፤ እህሉ እንደተሸጠ፣ ሌላ ነገር ሳይገዛ ይነሳ።

መጠባበቂያ በከብት አይቀመጥም። በደህና ጊዜ ሰኞ ባቲ የወጣ ፍየል ሳይመሽ ይሸጣል። ድርቅ ሲሆን ግን ሁሉም ሰው አብሮ ያወጣል፤ ከብቱ ከስቷል፣ ገዢው ጥቂት ነው፣ እህሉ ተወዷል። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ረሃብ የወሎን አርቢ የጎዳው አንዱ ነገር ይኸው ነበር፤ ከብት ሸጦ የሚሸምተው እህል አነሰ። ማድለብ ግን ሌላ ሥራ ነው። ለበዓል የሚደለብ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋልና መግዣውን ቀን ከበዓሉ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ዐረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እንደሚቀድም አይርሱ።

መጠባበቂያው ባንክ ይግባ። የቁጠባ ወለድ የኑሮ ውድነቱን አይተካም፤ እዚህ የሚፈለገው በተጠየቀ ቀን መገኘቱ ነው። ወለድ የማይወስድ ሰው ሂሳቡ ወዲዓህ ወይስ ሙዳራባ መሆኑን ሳይጠይቅ አይፈርም፤ ወዲዓህ አደራ ብቻ ነው፣ ሙዳራባ ትርፍ ያካፍላል።

ዕቁብ የተሻለ የሚሠራው ለመነሻ ካፒታል ነው። 20 ሰው በሳምንት 500 ብር ቢጥል ዕጣው 10,000 ብር ነው። መጀመሪያ የወጣለት 500 ጥሎ 9,500 ብር ያለወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ አበዳሪ ሆኖ ከርሟል፣ ገንዘቡም በዋጋ ንረት ቀንሷል። ዕጣ ቀን አይመርጥምና የትምህርት ቤት ክፍያን በዕቁብ ተስፋ አያድርጉ። ዕቁብ የሚፈርሰው አስቀድሞ የበላው ሰው መጣሉን ሲተው ነው። መድኃኒቱ ዋስ ነው፤ ዋሱም ዕጣው ገና ያልወጣለት ይሁን፣ ያኔ የዕቁቡ ዳኛ የሚይዘው የዋሱ ገንዘብ አለ። ዕጣው የወጣለትን ዋስ መቀበል ወረቀት ከማጥቆር አያልፍም።

አክሲዮን የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በተረፈ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት በማይፈለግ ገንዘብ ነው። አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ገበያው ገና ለጋ ስለሆነ የገዙትን በፈለጉት ቀን መሸጥ ላይቻል ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ይህን የሚያህል ገንዘብ ከማዳበሪያው ተቀንሶ የሚገዛ ከሆነ ይቅር። ሻጩ ያለፈውን ዓመት የትርፍ ድርሻ ብቻ እየጠራ ካግባባዎት የተመረመረ የሂሳብ ሪፖርት ይጠይቁ፤ ከሌለው ፊርማዎን አያኑሩ። ከገዙም የምስክር ወረቀቱ የት እንዳለ ባለቤትዎ ይወቅ ወይም ትወቅ።