ክላስተር ቆጥረው ኮስሞሎጂ ለሚጀምሩ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ግራፍ ላከልኝ። የዩኒቨርሱ መለኪያዎች ሊሆኑ የሚችሉበትን ክልል የሚያሳዩ ሁለት ሞላላ ክቦች አሉበት፤ አንዱ ከኮስሚክ ዳራ ጨረር (ከቢግ ባንግ የተረፈው ብርሃን)፣ ሌላው ከጋላክሲ ክላስተሮች (በስበት የተያያዙ የጋላክሲዎች ስብስቦች) ቆጠራ የወጣ። አይነካኩም። ከሥሩ «ጋሼ፣ አዲስ ፊዚክስ ሳይሆን አይቀርም» ብሏል።

«ዋን ማይነስ ቢን ስንት አድርገህ ነው?» አልኩት።

«0.8፤ ኮዱ ላይ እንደነበረ።»

ይኸው ነው የሰለቸኝ። የክላስተርን መጠነ ቁስ ማንም በቀጥታ ለክቶት አያውቅም። የፕላንክ ሳተላይት ያየው ትኩሱ ጋዝ በዳራ ጨረሩ ላይ የሚተወውን አሻራ፣ የሱንያየቭ-ዘልዶቪችን ምልክት ነው። ከምልክቱ ወደ መጠነ ቁስ የሚያሻግረው ቀመር የተሠራው በኤክስሬይ ምልከታ ሲሆን፣ የጋዙ ግፊትና የስበቱ ጉተታ እኩል ናቸው ብሎ ይነሳል። ጋዙ ግን ይናወጣል፤ ገና ወደ መሃል እየወደቀ ያለም አለ። ስለዚህ ቀመሩ አሳንሶ ይመዝናል፤ ዋን ማይነስ ቢ የሚነግረን ከእውነተኛው መጠን ስንት እጁን እንዳየን ነው።

ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ግን የግዙፍ ክላስተሮች ብዛት መጠነ ቁስ በጨመረ ቁጥር ቁልቁል ስለሚወርድ፣ በሚዛኑ ላይ የተሳሳቱት ትንሽ ነገር ቆጠራው ላይ ሲደርስ ገዝፎ ይመጣል። በ2013 ፕላንክ 189 ክላስተሮችን ቆጥሮ፣ 0.8ን ይዞ፣ ሲግማ 8ን (ቁስ ምን ያህል እንደተከማቸ የሚለካውን) 0.77 አገኘ፤ ዳራ ጨረሩ ደግሞ ያኔ 0.83 ገደማ ይል ነበር። በ2015 በ439 ክላስተሮች ሁለቱን ለማስታረቅ ዋን ማይነስ ቢ 0.58 መሆን ነበረበት። በስበታዊ የብርሃን መታጠፍ የመዘኑት ቡድኖች ግን አንዱ 0.69፣ ሌላው 0.78 ነው ያሉት። ሚዛኑ ራሱ እንዲህ እያከራከረ ጤፍ ተወደደ ብሎ መጮህ ምን ይባላል? በ2024 ኢሮሲታ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ በ5259 ክላስተሮች፣ በብርሃን መታጠፍ አስመዝኖ፣ ሲግማ 8ን 0.88 አድርጎታል፤ ከፕላንክ የዳራ ጨረር ልኬትም በላይ!

ተማሪዬ ዋን ማይነስ ቢን 0.8 ላይ ከመቆለፍ ይልቅ ነጻ ለቀቀው። ክቡ ሰፍቶ ሌላኛውን ዋጠው። «አስቀያሚ ሆነ» አለኝ። አዎ፣ ሐቀኛ ግራፍ ብዙ ጊዜ አያምርም።

ትንሿ ኤች (የሃብል ቋሚ፣ ማለትም የዩኒቨርሱ የመስፋት ፍጥነት፣ ለ100 ተካፍሎ)። ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ሦስት ሳምንት በልቶብኛል። የሲሙሌሽን ካታሎጎች መጠነ ቁስን በፀሐይ መጠነ ቁስ በኤች ተካፍሎ ይሰጣሉ። ኤች 0.67 ገደማ ነውና፣ ከረሱት ክላስተሩ በሲሶ ይቀልላል። የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር አንብቡ።

ኤም 500 እና ኤም 200፣ ማለትም እስከ ተወሰነ ድንበር ድረስ ያለው የክላስተር መጠነ ቁስ፣ አንድ አይደሉም። አንዱ ድንበሩን በውስጡ ያለው እፍጋት ከወሳኙ እፍጋት (ጠፈር ጠፍጣፋ የሚሆንበት) 500 እጥፍ በሚሆንበት ላይ ያሰምራል፤ ሌላው እንደ ጸሐፊው ከወሳኙ ወይም ከዩኒቨርሱ አማካይ የቁስ እፍጋት 200 እጥፍ ላይ።

ከዳራ ጨረሩ የሚመጣውም ሲግማ 8 በነጻ አይገኝም። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ነጻ ያወጧቸው ኤሌክትሮኖች ብርሃኑን በትነው በዳራ ጨረሩ ላይ ያለውን ሞገድ ያደበዝዙታል። ከመነሻው ጠንካራ ሆኖ ብዙ የተበተነና ደካማ ሆኖ ጥቂት የተበተነ ሞገድ ደግሞ ከትልልቁ ማዕዘን በስተቀር አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው በሰፊው የሰማይ ክፍል ላይ የሚታየው ፖላራይዜሽን (ብርሃኑ የሚርገበገብበት አቅጣጫ) ነው። የዚህ መበተን መለኪያ፣ ታው፣ በ2003 በደብሊውማፕ ሳተላይት 0.17 ነበር፤ በ2018 በፕላንክ 0.054 ሆነ። ሌላው ሁሉ ባለበት ከረጋ፣ ይህ ልዩነት ብቻውን ሲግማ 8ን ከ10 በመቶ በላይ ይገፋዋል። ታውን ከድሮ ጽሑፍ ገልብጦ ቆልፎ መሮጥ ስንት ሰው አሳስቷል።

ከ217 ጊጋኸርዝ በታች ክላስተር በዳራ ጨረሩ ካርታ ላይ ቀዝቃዛ ጉድጓድ ሆኖ ይታያል። መሃሉ ላይ በሬዲዮ የሚያበራ ጋላክሲ ከተቀመጠ ጉድጓዱን ይሞላውና ክላስተሩ ከካታሎጉ ሊቀር ይችላል። የቀረውን ሳትገምቱ ያለውን ብቻ አትቁጠሩ።

ሰንሰለቱ (ኮዱ መለኪያዎቹን እየሞከረ የሚያወጣው የናሙና ተርታ) ሳይረጋ ደግሞ ግራፍ አትላኩልኝ። የመርጋቱ መለኪያ፣ አር ማይነስ ዋን፣ ከ0.01 በታች ይውረድ፤ ከዚያ ሌሊትም ቢሆን ላኩ።