ከሐዋሳ ወደ ዲንሾ በሞተር ሳይክልና በተሳቢ፦ መጀመሪያ ጭነቱን እዩ

ከሐዋሳ ተነስቶ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌና በዶዶላ በኩል ባሌ ወዳለችው ዲንሾ ወጥቶ ድንኳን መትከል በጣም የምወደው ጉዞ ነው። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ምድጃና ውሃ የጫነ ተሳቢ ከኋላ ሲኖር ግን መንገዱ ይከብዳል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በመንገድ ላይ የሚገጥሙ ችግሮችን ከምልክታቸው ጀምሬ ልንገራችሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ጭነቱን ፍቱ። በሞተሩ የምናሳብበው ጥፋት ብዙ ጊዜ ያለው ተሳቢው ውስጥ ነው።

ተሳቢው ግራ ቀኝ ይዋልላል

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ አይታይም። ፍጥነት ሲጨምር፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ መቀመጫው ከሥራችሁ መወዛወዝ ይጀምራል።

እኔን የገጠመኝ ከኮፈሌ ወደ ሻሸመኔ ስወርድ ነው። ለማውረድ እንዲመቸኝ ብዬ ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን ተሳቢው መጨረሻ ላይ አስሬ ነበር። ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። ከጎማው በስተኋላ ያረፈ ክብደት የተሳቢውን ፊት ወደ ላይ ያነሳዋል። መጎተቻው ዘንግ ይቀላል። ያኔ አጠገባችሁ ሽው ብሎ የሚያልፍ አይሱዙ ንፋሱ ብቻ ተሳቢውን ለማዋለል ይበቃል።

በዚያች ቅጽበት ነዳጁን ቀስ በቀስ ቀንሱ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ። የፊት ፍሬን በድንገት አትያዙ። ነዳጅ ሰጥቼ አቃናዋለሁ ብላችሁም አትሞክሩ።

ከቆማችሁ በኋላ ጭነቱን አውርዳችሁ እንደገና ጫኑ። ከባዱ ዕቃ ከጎማው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ታችና መሃል ይሁን። ድንኳንና ፍራሽ ከኋላ ይሂዱ። ልኩ ይሄ ነው፦ ከተጫነው ተሳቢ ክብደት 10 በመቶ ገደማ መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ተሳቢው 70 ኪሎ ከሆነ 7 ኪሎ ማለት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ባለው የሰው ሚዛን ይለካል። ሚዛኑን ሳጥን ላይ አድርጉና ዘንጉ ሞተር ሳይክሉ ላይ በሚታሰርበት ከፍታ ይረፍበት። መጎተቻው ላይ ያረፈው ክብደት በጣም ከበዛ ደግሞ የሞተር ሳይክሉ ፊት ይቀላል፤ መሪው አልታዘዝ ይላል።

ጭነቱ ተስተካክሎም ከዋለለ ማገናኛውን እዩ። ሞተር ሳይክል መታጠፊያ ላይ ይጋደማል፤ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ግን አይጋደምም። ስለዚህ ማገናኛው ወደ ጎንና ወደ ላይ ከመንቀሳቀስ አልፎ በራሱ ዙሪያ መዞርም አለበት። ማገናኛውን የሚሠራላችሁ በያጅ ጋ ስትሄዱ ይህን አስረግጣችሁ ንገሩት። የመኪና ተሳቢ የለመደ እጅ ይዘነጋዋል።

የተሳቢው ጎማ መሃሉ ይግላል

ሻሸመኔ ስትደርሱ ቁሙና የጎማውን መሃል በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ለብ ቢል ችግር የለውም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ግራሶ አልቆበታል፣ ወይም ዳዶው ከመጠን በላይ ጠብቋል። ትንሽ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከትልቁ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደክማል። ሾጣጣ ኩሽኔታ ከሆነ አጽዱ፣ ግራሶ ሙሉ፣ ዳዶውን አጥብቃችሁ ትንሽ መልሱት። የተደፈነው ዓይነት ከሆነ መቀየር ብቻ ነው። እኔ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ይዤ ነው የምወጣው።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነት የለም

የሚቃጠል ነገር ከሸተተ ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው) እየተንሸራተተ ነው። የፍሪሲዮኑ ገመድ በጣም ተወጥሮ ይሆናል፤ እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ልል መሆን አለበት። ዳገት ላይ ግማሽ ይዞ መንዳትም ይበላዋል። ማርሽ ቀንሳችሁ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። የተሞላው ዘይት የመኪና እንዳይሆንም ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ምልክት ያለውን ግዙ።

ከኮፈሌ በላይ ጉልበት አጣ፣ ጭሱ ጠቆረ

ይሄ ብልሽት አይደለም። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ለሐዋሳ የተስተካከለውን ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አራግፉ፣ ካንዴላውን አጽዱ። ካልበቃ የካርቡሬተሩን መርፌ የያዘችውን ትንሽ ክሊፕ አንድ እርከን ወደ ላይ አድርጓት፤ መርፌው ይወርድና ቤንዚኑ ይቀንሳል። ስትመለሱ ሻሸመኔ ላይ ወደ ቦታዋ መልሷት። እንዲሁ ከተተወች ቆላ ላይ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ አለ

ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም፤ ይገፋችኋል። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉ እንጂ ይዛችሁ አትቆዩ። ከግሎ ከደከመ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ውሃ አታፍስሱበት።

የተሳቢው መብራትና ፍሬቻ ይደክማል

አምፖሉን አትቀይሩ። ኔጌቲቩ በማገናኛው ብረት በኩል ስለሚያልፍ ዝገትና ግራሶ ያቋርጡታል። ከተሳቢው ቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ አንድ ሽቦ ዘርጉለት።